በመጨረሻ ማንኛዋ ትሞታለች?

ደጀን የመንገድ ከተማ ናት። ከጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያን ጠመዝማዛ ዳገት እያቃሰተ የወጣ መኪና ሁሉ ደጀን ሲደርስ ነው እፎይ የሚለው። ሾፌሩ ሞተሩን ያቀዘቅዛል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ወገቡን ያፍታታል፣ ሻይ ይጠጣል፤ ከዚያ የማርቆሱ ወደ ማርቆስ፣ የቢቸናው ወደ ቢቸና ይለያያል። ይኸን ጽሑፍ ያዘጋጀነው እኛ የዚያች ከተማና የአካባቢዋ ልጆች ነን። ነዳጅ ማደያ አጠገብ ቆሞ፣ የሚያልፈውን መኪና እያዩ «ይኸስ ወዴት ይሆን የሚሄደው?» እያሉ ማደግ ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ለዚህ ይሆናል ባለፈው ሴሚስተር አምስት ሴቶች አንድ አልጋ ላይ ተጨናንቀን፣ በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ያየነው ፊልም ገና ሲጀምር ልባችንን የወሰደው። ርእሱ እንደ ድሮ መጽሐፍ ርእስ ረዥም ነው፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ሁለት ልጃገረዶችን ፍቅር የያዘበት እጅግ እውነተኛ ገጠመኝ» እንደ ማለት ነው። ማሪያ ማጀንቲ የምትባል አሜሪካዊት ራሷ ጽፋ፣ ራሷ አዘጋጅታ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣችው ነው። ራንዲ ነዳጅ ማደያ የምትሠራ፣ ድኻ፣ በትምህርቷ ወደ ኋላ የቀረች፣ ከአክስቷ ቤት የምትኖር ነጭ ልጅ ናት። ኢቪ ደግሞ ጥቁር፣ የባለጸጋ ልጅ፣ ጎበዝ ተማሪ፣ የሚያምር መኪና የምትነዳ። ኢቪ «ጎማዬን እዪልኝ» ብላ ማደያው ትመጣለች። በቃ፣ ነገሩ ከዚያ ይጀምራል። ያችኛዋ የግጥም መጽሐፍ ታውሳታለች፤ ይችኛዋ ሙዚቃ ታሰማታለች፤ አብረው ያጠናሉ፣ ይኮበልላሉ፣ ቤተሰብ ይፈልጋቸዋል።

ፊልሙ ግማሽ ሲደርስ ከመካከላችን አንዷ ዝቅ ባለ ድምፅ «በመጨረሻ ማንኛዋ ናት የምትሞተው?» አለች።

ማናችንም አልሣቅንም። ሁላችንም ያንኑ ስንጠብቅ ነበርና!

ግን ማንም አልሞተም። መጨረሻው ግርግር ነው። እናት፣ አክስት፣ ጓደኛ፣ ሁሉም የተደበቁበት ሆቴል በር ላይ ተሰብስቦ ይጯጯኻል፤ ሁለቱ ልጆች በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ተቃቅፈው ይቆማሉ። ላፕቶፑ ከተዘጋ በኋላ ክርክሩ ተነሣ። አንዷ «ኃጢአት ነው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሌላዋ «እኔ ያሳቀኝ አሳቀኝ፣ ሌላውን አላውቅም» አለች። ሦስተኛዋ የጠየቀችው ነው ይኸን ጽሑፍ የወለደው፦ ለምንድን ነው ግን ሁላችንም ሞት የጠበቅነው? ማን አስተማረን?

መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ያስተማረን ጎረቤታችን ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ከእኛ ብዙም አይርቅም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ግብር የሚያበሉት፣ ሰብለ ወንጌል ባል ሲመረጥላትና ሲመለስባት ዕድሜዋ የሚነጉደው፣ የማንኩሳው በዛብህ መጥቶ ፊደል የሚያስቆጥራት እዚያ ነው። እናቶቻችን በራዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ እየሰሙ አልቅሰውበታል፤ እኛም በተራችን በቅጂ ሰምተን አልቅሰናል። ፍጻሜውን የማያውቅ የጎጃም ልጅ አለ ብለን አናምንም። በዛብህ በመንገድ ቆስሎ ይሞታል፤ ሰብለ ትመነኩሳለች፤ በኋላም ጉዱ ካሣ ጭምር ሦስቱ በአንድ መቃብር ያርፋሉ። ሐዲስ ያን መቃብር የቆፈሩት ለከንቱ አይደለም። የባላባቱ ሥርዓት የወጣቶችን ፍቅር እንዴት አድርጎ እንደሚቀብር ማሳየት ነበር ዓላማቸው። እኛ አንባቢዎቹ ግን ከዚያ መጽሐፍ የወሰድነው ሌላም ነገር አለ፤ የተከለከለ ፍቅር መቃብር ካልገባ እውነተኛ ፍቅር አይመስለንም።

ሣቅስ? ሣቅ በአገራችን መድረክ ገና በተወለደ ዕለት ነው ከልካይ የገጠመው። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ከነስሙ ኮመዲያ ነበር። በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ በመሳፍንትና በመኳንንት ፊት ታየ። አውሬዎቹ ሲናገሩ ቤተ መንግሥቱ ራሱን ሰማ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ያ ቴአትር ታገደ፣ መጽሐፉም እንዳይሠራጭ ሆነ። ያዘነ ድርሰት ባለሥልጣንን ያስተክዘዋል፤ የሣቀ ድርሰት ግን ያስቆጣዋል። ይኸን ነገር አንባቢያችን በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ ናይሮቢ ስንደርስ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሁለቱ ሴቶች። «ይኸማ የፈረንጅ ነገር ነው፣ በእኛ ዘንድ ሁለት ሴቶች ተዋደው የኖሩበት ታሪክ የት አለ?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። የፊልሙን ዓይነት ታሪክ ከሆነ የሚፈልገው፣ አለ አንልም። የሁለት ሴቶች ፍቅር በብራና ላይ ተጽፎ አያውቅም ከተባለ ግን ዝም አንልም፤ የታሪክ ተማሪዎች ነንና ወደ ጣና ማየት ግዴታችን ነው።

ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 የተወለደች፣ በ1642 ያረፈች የባላባት ልጅ ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ሹም ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ሲያዘነብል፣ ባሏም ከንጉሡ ጎን ሲሰለፍ ትታው ሄደች፣ መነኮሰች። ተጋዘች፣ ታሰረች፣ በአደባባይ ተከራከረች፤ በመጨረሻም በጣና ዙሪያና በሌላም ስፍራ ተከታዮቿን እየሰበሰበች የማኅበር እናት ሆነች። ቤተ ክርስቲያናችን በቅድስና የምታስባት እናት ናት። ገድሏን ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በግእዝ ጻፈው።

በዚያ ገድል ውስጥ እኅተ ክርስቶስ የምትባል ሌላ ወይዘሮ አለች። እርሷም ባልና ልጅ ትታ የወጣች ናት። ገላውዴዎስ የሁለቱን መጀመሪያ መገናኘት ሲተርክ ብዕሩ ይለሰልሳል። ከሩቅ እንደተያዩ በሁለቱም ልብ ፍቅር እንዳደረ፣ ቀድሞ እንደሚተዋወቁ ያህል እንደሆኑ፣ ከዚያም እስከ ሞት እንዳልተለያዩ ይነግረናል። ከወለተ ጴጥሮስም በኋላ ማኅበሩን የመራችው እኅተ ክርስቶስ ናት።

ይኸ ገድል እ.ኤ.አ. በ2015 በዌንዲ ቤልቸርና በሚካኤል ክላይነር ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ዓለም አቀፍ ክርክር ተነሣ። ቤልቸር የሁለቱን ሴቶች ግንኙነት በጊዜያችን የፍቅር ዓይን አየችው፤ ስለ ወጣት መነኮሳይያት የሚናገር አንድ ክፍልም በብራናዎቹ መካከል እንደሚለያይ አሳየች፣ ከዚያም ተነሥታ ጻፈች። ከኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ብርቱ ተቃውሞ ገጠማት። ዶክተር ይርጋ ገላው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጽሑፍ፣ ይኸ ትርጓሜ የራስን ዓለም በሌላው ገድል ላይ መጫን ነው፣ ግእዙንም አጣምሟል ሲል ሞገተ።

እኛ ግእዛችን የቆሎ ተማሪ ግእዝ እንኳ ስላልሆነ በዳኝነት ወንበር አንቀመጥም። አንድ ነገር ግን እንላለን። መንፈሳዊ ፍቅርን «ይኸማ እንዲህ ነው» ብሎ ዛሬ በተሰፋ ልብስ ማልበስ የታሪክ ሥራ አይደለም። «ፍቅር የለም» ብሎ ገጹን መዝለልም የታሪክ ሥራ አይደለም። ገላውዴዎስ ያን ፍቅር ለማፈር አልጻፈውም፤ ከተአምራቱ ጋር እኩል አድርጎ፣ ለሚሰማው ማኅበር እንዲነበብ ጻፈው እንጂ። ለጥያቄያችን ደግሞ ፍጻሜው ይበቃናል። ሁለቱ ሴቶች በ17ኛው መቶ ዘመን ተገናኙ፣ ተዋደዱ፣ አብረው አረጁ፤ ተራኪው ለመዋደዳቸው ቅጣት አልፈለገላቸውም። ወለተ ጴጥሮስን ያሰራትና ያጋዛት የሃይማኖት ክርክሩ ነው፣ ፍቅሩ አይደለም።

ቅጣት በግድ የሚፈለግበት ሌላ ቤት ነበር፤ እርሱም ሲኒማ ነው። ገድሉን በክብሩ ትተን ወደዚያ እንለፍ።

ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1931 ሊዮንቲን ሳጋን የምትባል ሴት «የደንብ ልብስ የለበሱ ልጃገረዶች» የተባለ ፊልም አወጣች። አንዲት አዳሪ ተማሪ መምህርቷን ትወዳለች። ታሪኩ በመጀመሪያ ተውኔት ነበር፤ በተውኔቱ ልጅቱ ከላይ ተወርውራ ትሞታለች። በፊልሙ ግን ተማሪዎቹ ሮጠው ደረጃው ላይ ይደርሱባትና ያተርፏታል። አንዲት ነፍስ ተረፈች እንግዲህ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ፊልሙን አገዱት፤ ያም መንገድ እዚያው ተቆረጠ።

አሜሪካ ውስጥ የሆነው ደግሞ ይኸ ነው። ትላልቆቹ የሆሊውድ ኩባንያዎች የሄይስ ደንብ የሚባል የራሳቸው ሕግ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ሠራበት፣ በ1968 ተሻረ። በደንቡ መሠረት የዚህ ዓይነት ፍቅር በፊልም ላይ ስሙም አይነሣ። በ1961 ደንቡ ትንሽ ላላ፤ በዚያው ዓመት ዊልያም ዋይለር «የልጆች ሰዓት» የተባለውን ፊልም አሳየ። ሁለት ሴቶች የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ይመራሉ፤ አንዲት ተንኮለኛ ተማሪ ስማቸውን ታጠፋለች፤ ወላጅ ሁሉ ልጁን እየጎተተ ይወስዳል፤ በመጨረሻ አንደኛዋ እውነትም ወዳት እንደነበር ትናገርና ራሷን ትሰቅላለች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፍቅሩ እንዲታይ ሲፈቀድ ከነገመዱ ነው የተፈቀደው። ያ ጓደኛችን «ማንኛዋ ትሞታለች?» ያለችው ያለ ነገር አልነበረም። ፊልሞቹን ሳታይ ደንቡን አውቃዋለች።

መጽሐፍ ከፊልም ቀደመ። ፓትሪሻ ሃይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1952 «የጨው ዋጋ» የሚል ልብ ወለድ በብዕር ስም አወጣች። ሁለቱ ሴቶች በመጨረሻ አይሞቱም፣ አይለያዩም፤ ገና አብረን እንኖራለን የሚል ተስፋ ይዘው ይቀራሉ። ደራሲዋ ስሟን ብትደብቅም በአሳታሚው በኩል የአንባቢ ደብዳቤ ጎረፈላት፤ ሰዎቹ የሚያመሰግኗት ስለ አጻጻፏ ብቻ አልነበረም፣ ማንንም ስላልገደለች ነው። ያ መጽሐፍ ፊልም እስኪሆን ከ60 ዓመት በላይ ጠበቀ፤ ቶድ ሄይንስ በ2015 «ካሮል» ብሎ ሠራው።

አንባቢያችን «ታዲያ የደስታውን ፍጻሜ ወደ ሲኒማ ማን አመጣው?» ቢለን መልሳችን፣ በራሳቸው ገንዘብ የሠሩት ናቸው እንላለን። ነጻ ፊልም ሲባል ትርጉሙ ሌላ አይደለም፤ ከትላልቆቹ ኩባንያዎች ውጭ፣ ከዘመድና ከወዳጅ፣ ከግለሰብ ባለገንዘብ በተለቀመ ብር የተሠራ ማለት ነው። ትልቁ ኩባንያ ገንዘቡን ሲሰጥ ፍጻሜውንም አብሮ ይሰጣል። ዶና ዳይች የምትባል አዘጋጅ «የበረሃ ልቦች» የተባለውን ፊልሟን ለመሥራት ዓመታት የፈጀባት ገንዘብ ስትለምን ነው፤ መጨረሻ ላይ ቤቷን እስከ መሸጥ ደርሳለች ይባላል። ፊልሙ በ1985 ወጣ። አንዲት የሥነ ጽሑፍ መምህርት ከባሏ ለመፋታት በ1959 ሬኖ ወደምትባል የኔቫዳ ከተማ ትመጣለች፤ እዚያ አንዲት ደፋር ወጣት ታገኛለች። በፍጻሜው ባቡር ሊነሣ ነው፤ መምህርቷ ተሳፍራለች፤ ወጣቷ መድረኩ ላይ ቆማለች። «እስከሚቀጥለው ጣቢያ ብቻ» ይባባላሉና ትሳፈራለች። ለደጀን ልጅ ይኸ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እስከሚቀጥለው ፌርማታ ብሎ ተሳፍሮ አገር ያቋረጠ ስንት ሰው እናውቃለን!

ከዚያ በኋላ ሣቁ መጣ። ሮዝ ትሮሽና ጊኒቪር ተርነር በ1994 «ጎ ፊሽ» የተባለውን በጥቁርና ነጭ፣ በቺካጎ፣ በጥቂት ሺሕ ዶላር ሠሩ። እውነቱን ለመናገር እኛን አሰልችቶናል፤ ወሬው ይበዛል። ግን ታሪካዊነቱን አንክድም፤ ሴቶቹ አንድ ላይ ተቀምጠው ጓደኛቸውን ለማጋባት የሚያሴሩበት ቀልደኛ ፊልም ነው፤ ልክ የእኛ ሰፈር ሴቶች ቡና ላይ እንደሚያሴሩት። የማጀንቲ ነዳጅ ማደያ በዓመቱ ተከተለ። በ2001 «ጄሲካ ስታይንን መሳም» ወጣ፤ ያ ደግሞ በመጨረሻ ሁለቱን ሴቶች ጓደኛ ብቻ አድርጎ አንደኛዋን ወደ ወንድ ይመልሳታል። ያ ፊልም ብዙ ያስቃል፤ ሲያልቅ ግን እንደተታለልን ቆጠርነው። ማንም አልሞተም፤ ፍቅሩ ግን ቀስ ብሎ ተቀበረ።

ከሁሉም ቆም ብለን ልናወራለት የሚገባን አሊስ ዉ የተባለች የቻይና ዘር ያላት አሜሪካዊት በ2004 የሠራችው ነው። የእንግሊዝኛው ርእስ ቃል በቃል «ፊትን ማዳን» ማለት ነው። እኛ ግን ከአማርኛ የተሻለ ርእስ አለን፤ «ይሉኝታ»። ዉ ማይክሮሶፍት ኩባንያ ኮምፒዩተር ላይ ትሠራ ነበር፤ ሥራዋን ትታ ፊልም ልሠራ ብላ ተነሣች። ድርሰቱን ያዩ ሰዎች «ሰዎቹን ነጭ አድርጊያቸው» ብለው መከሯት፤ እምቢ አለች። ፊልሙ አብዛኛው በቻይንኛ ነው የሚነገረው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዊል የምትባል ወጣት የቀዶ ጥገና ሐኪም ኒው ዮርክ ትኖራለች። በየሳምንቱ ቻይናውያን የሚሰበሰቡበት የዳንስ ምሽት አለ፤ እናቷ በግድ እየወሰደች ወንድ ታስተዋውቃታለች። ዊል ግን ቪቪያን የምትባል ዳንሰኛ ወዳለች። እዚህ ላይ ሌላ ፊልም ቢሆን የእናትና የልጅ ጠብ አድርጎት ያልቅ ነበር። ዉ ግን ምን አደረገች? እናትየውን አስረገዘቻት! በ48 ዓመቷ፣ ባሏ የሞተባት፣ የተከበረች ሴት፤ አባቱ ማን እንደሆነ አልናገርም ትላለች። የእናት አባት፣ ያ ሽማግሌ፣ «ስሜን አዋረድሽው» ብሎ ከቤት ያባርራታል፤ እናት ሻንጣዋን ይዛ ልጇ አፓርታማ ትገባለች። እናም አንድ ምሥጢር ያላት ልጅና አንድ ምሥጢር ያላት እናት ባንድ ጣሪያ ሥር፣ ባንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ሌላ ሌላውን ያወራሉ።

እዚህ ላይ ነው አምስታችንም ዝም ያልነው። ፊልሙ ስለ ፍቅር ነው ተብሎ ነበር፤ እኛ ያየነው ግን ሰው ምን ይለኛልን ነው። ይኸንን ማን ያስተምረን? ጎጃም ውስጥ ሴት ልጅ ገና በልጅነቷ ትዳር የሚፈለግላት፣ ትምህርቷን ስትጨርስ «መቼ ነው?» የምትባል፣ ባል ከሞተባት ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ የሚጠበቅባት፣ ሁሉም በዚሁ በአንድ ቃል ነው። ዉ የሁለቱን ሴቶች ፍቅር ከእናትየው እርግዝና ጋር አንድ ገመድ ላይ አስራዋለች፤ ገመዱ ይሉኝታ ነው፣ ሲበጠስ ለሁለቱም ይበጠሳል። እናትየው ለማትወደው ሰው ልትዳር ቤተ ክርስቲያን ቆማ ሳለ ልጅ ሮጣ ሠርጉን ታስቆማለች፤ እናትና ልጅ አውቶቡስ ተሳፍረው ይሸሻሉ። በመጨረሻ ደግሞ በዚያው የዳንስ ምሽት፣ በዚያ ሁሉ አክስትና አጎት ፊት፣ ሁለቱ ወጣቶች ይሳሳማሉ። የተቆጡት ተነሥተው ይወጣሉ። የቀሩት ይደንሳሉ። አዘጋጅዋ ሁሉንም አላስታረቀችም፤ የሚወጣው እንዲወጣ በሩን ከፍታለታለች፤ ለዚህ ነው ፍጻሜውን ያመንነው። መኝታ ክፍላችን ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው ጓደኛችንም ይኸንን ፊልም እስከ መጨረሻው አየችው። ሐሳቧን አልለወጠችም፤ «እናቲቱ ግን ደስ ትላለች» አለች።

አሁን ናይሮቢ እንድረስ፤ ቅርብ ነው፣ ሞያሌን ማለፍ ብቻ ነው።

ዋኑሪ ካሂዩ የተባለች ኬንያዊት አዘጋጅ «ራፊኪ» የሚል ፊልም ሠራች። ቃሉ በስዋሂሊ «ጓደኛ» ማለት ነው። ፍቅረኛዋን በስሟ መጥራት የማትችል ሴት «ጓደኛዬ ናት» ብላ ነው የምታስተዋውቃት፤ ርእሱ ከዚህ መጣ። እኛ አገር ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ገበያ ይወጣሉ፣ ባንድ አልጋ ያድራሉ፣ ባንድ ነጠላ ይጠለላሉ፤ ማንም ምንም አይልም፤ «ጓደኛሞች ናቸው» በሚለው ቃል ስንት ነገር ሊጠለል እንደሚችል ግን ከራፊኪ በፊት አስበን አናውቅም።

ፊልሙ የተነሣው ኡጋንዳዊቷ ሞኒካ አራክ ዴ ኒየኮ ከጻፈችው፣ በ2007 የኬይን ሽልማት ካገኘ አጭር ልብ ወለድ ነው። ኬናና ዚኪ ለምርጫ የሚፎካከሩ የሁለት ሰዎች ሴት ልጆች ናቸው። አባቶቻቸው የግድግዳ ፖስተር ሲቀዳደሙ ልጆቻቸው ይፋቀራሉ። ቀለሙ ሁሉ ሮዝና ሐምራዊ ነው፤ ሙዚቃው የሴቶች ነው። ካሂዩ ሆን ብላ ነው እንዲህ ያደረገችው። «አፍሮበብልገም» የምትለው ሐሳብ አላት፤ የአፍሪካ ጥበብ ስለ ጦርነት፣ ስለ ረኀብና ስለ በሽታ ብቻ እንዲሆን ማን ፈረደብን? ደስታችን፣ ቀልዳችን፣ ቧልታችንስ የት ይግባ? ነው ነገሩ። ይኸ ነገር እኛን ከማንም በላይ ይመለከተናል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በዓለም ቴሌቪዥን የዞረው ሥዕል ዛሬም ስለ ኢትዮጵያ ከሚታወቀው ይበልጣል፤ ኢትዮጵያዊ ሲስቅ የሚያሳይ ሥዕል ያን ያህል አልዞረም። በእርግጥ ራፊኪ ራሱ ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም። መካከሉ ላይ የሰፈሩ ሰው ልጆቹን ከቦ ይደበድባቸዋል፤ ያን ክፍል ስናይ ከእኛ አንዷ ላፕቶፑን ዘጋችው፣ ቆይታም ከፈተችው።

እንግዲህ የተክለ ሐዋርያትን ኮመዲያ አስታውሱ። ራፊኪ በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. በካን የፊልም በዓል ሲታይ እዚያ መድረክ የደረሰ የመጀመሪያው የኬንያ ረዥም ፊልም ነበር። ከዚያ በፊት በሚያዝያ ወር ግን የኬንያ የፊልም ምደባ ቦርድ አግዶታል። ካሂዩ እንደተናገረችው ቦርዱን ያስቸገረው ፍጻሜው ነው። በፊልሙ መጨረሻ ጊዜ ካለፈ በኋላ ኬና የሕክምና ሰው ሆናለች፤ ዚኪ ተመልሳለች፤ አንዲት እጅ ከኋላ ትከሻዋን ትነካታለች፣ ኬና ዞር ስትል ፊቷ ይበራል፤ አለቀ። ቦርዱ ይኸ ተስፋ ይወገድ፣ ልጅቱ ተጸጽታ ትታይ አለ። አዘጋጅዋ አልለውጥም አለች። መጽሐፉን በብዕር ስም ያስወጣው፣ ቤት ያሸጠው፣ ገመዱን የሰቀለው ነገር ይኸው ነው። ሴቶቹ ይፋቀሩ፣ ግን ያልቅሱ።

የኬንያ ሕግ ድርጊቱን ይከለክላል፤ የአገራችንም የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ በኋላ የወጣው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንዲሁ ይከለክላል። ካሂዩ ግን ፍርድ ቤት የሄደችው ስለ ድርጊቱ አልነበረም። «አዋቂ ሰው ፊልም አይቶ ራሱ ይፍረድ» ብላ ነው። መስከረም 21 ቀን 2018 በፈረንጆች አቆጣጠር ዳኛ ዊልፍሪዳ ኦክዋኒ እገዳውን ለሰባት ቀን ብቻ አነሡት። ሰባት ቀን የሆነበት ምክንያት አለ፤ ለኦስካር ሽልማት የሚወዳደር ፊልም በአገሩ ቢያንስ ሰባት ቀን በተከታታይ መታየት አለበት። በዚያች ሳምንት የናይሮቢ ሲኒማ ቤቶች ሞሉ፣ ትኬት አለቀ፣ ተጨማሪ ሰዓት ተከፈተ። ሳምንቱ ሲያልቅ እገዳው ተመለሰ፤ በ2020ም ከፍተኛው ፍርድ ቤት እገዳውን አጸናው።

ለኦስካሩስ? የኬንያ መራጮች ሌላ ፊልም ላኩ፤ «ሱፓ ሞዶ» ይባላል። በማይድን በሽታ ልትሞት ስለተቃረበች፣ ጀግና መሆን ስለምትመኝ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ነው። እርሱንም አየነው፤ ጥሩ ፊልም ነው፣ እኛም አልቅሰናል። ፊልሙ አልቆ ስማችን የማይነሣው ጓደኛችን፣ ያችው «ማንኛዋ ትሞታለች?» ያለችው፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ይኸውላችሁ፣ ይኸኛው አለፈ» አለችን።